ግሩፑ ላይ በእውነተኛ ስም ብቻ ይጻፍ?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ድሬዎች። ታይዋን ገበያ ልብስ እሸጣለሁ፤ የሰፈራችንን የቴሌግራም ግሩፕም የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ስምም ፎቶም የሌለው አካውንት ገብቶ አንዲት ቡና የምታፈላ ልጅ ላይ ዘመተባት። ከማን ጋር እንደምታመሽ፣ ልጇ የማን እንደሆነ፣ ያልጻፈው የለም። ሳባርረው በሌላ አካውንት ይመለሳል። ልጅቷ ሥራዋን ትታ ቤት ተቀምጣለች። አባላቱ «በእውነተኛ ስሙ የማይጽፍ ይውጣ» ብለው ይዘውኛል። እኔ ግን ልቤ አልቆርጥ አለ። አምና አንድ አከራይ ማታ ማታ የሴት ተከራዮቹን በር እያንኳኳ እንደሚያስቸግር ያጋለጠችው ልጅ የጻፈችው በማይታወቅ ስም ነበር። በስሟ ብትጽፍ ኖሮ በማግስቱ ዕቃዋ ደጅ ይወጣ ነበር። ምን ትላላችሁ?

ባለ ባጃጁ፦
አቦ አስወጫቸው! ከዚራ ላይ ፊት ለፊት የማይናገረውን እዚህ ተደብቆ ለምን ይለፈልፋል?

ደቻቱ ማዶ፦
ባለ ባጃጁ፣ ፌስቡክ ላይ ከነአያቱ ስም የሚሳደብ ሞልቶ የለም እንዴ? ደቡብ ኮሪያ በፈረንጆቹ 2007 ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ የሚጽፍ ሰው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ አስገድዳ ነበር። ስድቡ እምብዛም አልቀነሰም። በ2011 ግን የ35 ሚሊዮን ሰው መረጃ ከአንድ ኩባንያ ተሰረቀ። በቀጣዩ ዓመት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው ሕጉን ሻረው።

ከሸዋ በር፦
እህቴ፣ መልእክቶቹን አጥፍተሻቸዋል? ካላጠፋሽ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። ዩዘርኔም ይቀየራል፤ የአካውንቱ መለያ ቁጥር ግን አይቀየርም፤ እሱንም ያዢ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 መሠረት ስም ማጥፋት እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። አቤቱታውን ግን ማቅረብ ያለባት ራሷ ልጅቷ ናት፤ አንቺ ማስረጃውን ስጫት። ቴሌግራምም ከፈረንጆቹ 2024 ወዲህ ሕጋዊ ጥያቄ ከቀረበለት የአጥፊውን ስልክ ቁጥር አሳልፌ እሰጣለሁ ብሏል። ፍጥነቱን ግን አትጠይቂኝ።

የሳቢያኗ፦
ተባረክ ወንድሜ። መልእክቶቹ አሉ፤ ዛሬ ማታ ቤቷ ሄጄ አሳያታለሁ። ስም አላስገድድም። አዲስ የሚመጣ ሰው ግን ካልፈቀድኩለት እንዳይገባ አድርጌዋለሁ። ማን እንደሆነ በውስጥ ይነግረኛል፤ ግሩፑ ላይ በፈለገው ስም ይጻፍ።

ባለ ባጃጁ፦
እሺ፣ አንቺንስ ማን ይቆጣጠርሻል? የሰው ሁሉ ስም አንቺ ስልክ ላይ ሊሆን ነው።

የሳቢያኗ፦
እውነትህን ነው። ስሙን ካየሁ በኋላ ቻቱን አጠፋዋለሁ። አንተን ደግሞ አሁኑኑ አድሚን አድርጌሃለሁ፤ የሌሊቱ ተረኛ አንተ ነህ።