ዛፍ ላይ ወጥቼ መሥራት እፈልጋለሁ፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖቼ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ዛፍ የሚቆርጥና የሚገርዝ ድርጅት ውስጥ መሬት ላይ እሠራለሁ፤ ቅርንጫፍ እጎትታለሁ፣ ገመድ እይዛለሁ። በቅርቡ ደግሞ መውጣት ጀምሬያለሁ። ሥራው ልቤን ወስዶታል።

ችግሬ ይኸውላችሁ። የተሰጠኝ መታጠቂያ (ዛፍ ላይ ስሆን ገመዱ የሚታሰርበት ቀበቶ) አርጅቷል፤ ስፌቱ ተበልቷል። ላይ ሆኜ በሞተር መጋዝ ስቆርጥ ደግሞ በሁለት ገመድ መታሰር አለብኝ። አንሲ ዜድ133 የሚባለው የአሜሪካ የዛፍ ሥራ ደህንነት መስፈርት የሚለውም ይህንኑ ነው። መጋዙ አንዱን ገመድ ቢነካው ሌላው ይይዘኛል። አለቃዬ ግን «በአንዱ ይበቃል፣ ጊዜ አትፍጅ» ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማንም ሳያምነኝ ሥራ የሰጠኝ እሱ ነው። ለዚህም ነው የጨነቀኝ።

የራሴን ዕቃ ልገዛ እያጠራቀምኩ ነው። ያገለገለ ገመድ በርካሽ ይገኛል፤ ግን ስንት ጊዜ የሚወድቅ ሰው እንደያዘ፣ ምን ኬሚካል እንደነካው በማላውቀው ገመድ ላይ መንጠልጠል አልፈልግም። ገንዘቤ ለሁሉም ስለማይበቃ መታጠቂያውን ላስቀድም ወይስ ገመዱን?

ምኞቴ የአይኤስኤ (የዓለም አቀፉ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር) ፈተና ወስጄ አርቦሪስት፣ ማለትም የተመሰከረለት የዛፍ ባለሙያ መሆን ነው። ለፈተናው የ3 ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድ፣ ወይም ትምህርትና ልምድ ተደምሮ ይጠይቃሉ። መሬት ላይ የሠራሁት ይቆጠርልኛል? ኋላ የራሴን ሥራ ልክፈት ብል የሜሪላንድ ፈቃድም ያስፈልገኛል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሀበሻ ካለ እባካችሁ አገናኙኝ።

ከሁሉም የሚያስቸኩለኝ ግን የሰኞው ነው። ትልቅ የኦክ ዛፍ ልንቆርጥ ነው። ከዚያ በፊት አለቃዬን ሳላስቀይም ምን ብዬ ልንገረው?