ከአያት ወዴት ብንሄድ ይሻላል?

የአያቱ፦ ሰላም ሰዎች። አያት ነው የምኖረው፣ የቦሌ ዋጋ አንገሽግሾኛል። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ቁርጥ በልተን፣ ሙዚቃው ጆሮ የማይበጥስበት ቤት ተቀምጠን ማውራት አምሮናል። መኪና የለንም።

ጣፎ፦ ወደ ለገጣፎ ውጡ እንጂ! ሥጋ ቤት ስትገባ የቤቱን ስም ተወው፣ የተሰቀለውን እይ። ሻኛ ከፈለግክ በጊዜ ሂድ፣ ሲመሽ የሚተርፍህ ሌላው ነው። ሲመዘን አጠገቡ ቁም፣ ምን ያሳፍራል? አዋዜውን ደግሞ አስቀድመህ ቅመስ። ውሃ ውሃ ካለ ውልቅ በል።

ብርሌ፦ ጠጅ ቤትም ሞክሩ። ደረቅ ወይስ ለስላሳ ብለው ይጠይቋችኋል። ለስላሳው ማሩ የሚጎላበት ነው፣ ደረቁ ግን ሳይታወቅ እግር ይይዛል። ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የሚገባችሁ 😂

እታለም፦ ባቡሩን ረሳችሁት? ከአያት ስታዲየም፣ ከዚያ ፒያሳ። ቶሞካ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና እየቆላ ነው። መቀመጫ አትፈልጉ፣ ማኪያቶ እዚያ ቆሞ ነው የሚጠጣው።

የአያቱ፦ እታለም፣ ፒያሳው ለእሁድ ይሁንልን። ጣፎ፣ ከአያት አደባባይ ቀጥታ ታክሲ አለ?

ጣፎ፦ ሞልቷል። ብቻ ሁዳዴ ሳይገባ ድረሱ።