የዩኒቨርሲቲው ጥናት ፋብሪካችን በር ላይ እንዳይቀር ምን እናድርግ?

የሳቢያኗ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረርም ወገኖች። ከልቤ የምፈልገው ምክር አለ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እዚሁ ድሬዳዋ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነኝ። በኦፕሬተርነት ጀምሬ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በእኔ የስፌት መስመር 34 ሰው አለ፣ ከአራት ወንዶች በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ሴቶቹ ሥራውን ለምደው፣ እጃቸው ፈታ ሲል ይወልዳሉ። አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዳቸውን ጨርሰው ይመለሳሉ። ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይቆዩ ይለቃሉ። ባለፈው ዓመት ከመስመሬ አምስት ወለዱ። ዛሬ ያለችው አንዷ ብቻ ናት።

ስለ እሷ ልንገራችሁ። የምሳ ደወል ሲደወል ሁሉም ወደ ምግብ ቤት ይሄዳል፣ እሷ ወደ በር ትሮጣለች። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ኒም ዛፍ አለች። እዚያ ሥር ትልቋ ልጇ ሕፃኑን አዝላ ትጠብቃታለች። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያ ፀሐይ ከቤት እስከ በራችን በእግሯ ነው የምትመጣው። እናትየው ድንጋይ ላይ ቁጭ ትልና መጀመሪያ ጋዋኗን ታራግፋለች፣ የተጣበቀው ብናኝ ክር ሕፃኑ አፍ እንዳይገባ። ከዚያ ታጠባለች። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፣ ውሃ ያቀብላታል። ምሳዋን የምትበላው ወደ ማሽኗ እየተመለሰች ነው። ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት ውላ ይሁን ቀርታ እስካሁን አልጠየቅኩም። መልሱን ስለፈራሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ነበር። የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ስምንት ገጽ መጠይቅ ታደለ። በእንግሊዝኛ ስለነበር እኔ በአማርኛና በኦሮምኛ እየተረጎምኩ አስሞላሁ። «በሥራሽ ምን ያህል ረክተሻል? ከ1 እስከ 5» ይላል። ሰብስበው ሄዱ። ውጤቱን እስከ ዛሬ አላየንም። አንዷ «ያ የሞላነው ወረቀት ምን ደረሰ?» ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁን ሥራ አስኪያጃችን ሌላ ስምምነት ሊፈራረሙ ነው። «አንቺ ሴቶቹን ታውቂያቸዋለሽ፣ ምን እንዲሠሩልን እንጠይቅ?» አሉኝ። «ማህበራዊ ፈጠራ» የሚሉት ነገር አዲስ ማሽን ማምጣት ሳይሆን ሰው የሚሠራበትን መንገድ ራሱን ማሻሻል እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔም የምፈልገው ይኼንኑ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርታችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ፣ ስምምነቱ ላይ ምን አስጻፋችሁ?

መምህሩ

እህቴ፣ በቅድሚያ በመምህራን ስም ይቅርታ። ወረቀቱ የት እንደገባ መገመት አያቅተኝም። የአንዱ መመረቂያ ጽሑፍ ሆኗል። እኛ የምንመዘነው ባሳተምነው ነው። «ፋብሪካው ውስጥ ምን ተለወጠ?» ብሎ የሚጠይቀን ሰው ብዙም የለም።

ስለዚህ ጥያቄውን እናንተ አምጡት። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ «የሳይንስ ሱቅ» የሚባል ነገር በዩኒቨርሲቲዎች ተከፍቷል። የሠፈር ማኅበሩም ሆነ የሠራተኛ ማኅበሩ ችግሩን ይዞ ይሄዳል፣ ተማሪዎች በመምህር እየታገዙ ያጠኑለታል፣ መልሱ ለጠየቀው ሰው ይመለሳል።

አንድ ታሪክ ደግሞ ልጨምር፣ ሁሌም ክፍል ውስጥ የምነግረው ነው። እንግሊዝ አገር የከሰል ማዕድን ማውጫዎች አዲስ ማሽን አስገብተው ምርቱ እንደታሰበው አልሆነም። ሠራተኛው ከሥራ ይቀራል፣ እርስ በርሱ ይነታረካል። ኤሪክ ትሪስትና ኬን ባምፎርዝ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ጥናታቸውን አወጡ። ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አልነበረም። ድሮ ጥቂት ሰዎች ተቧድነው፣ እየተጠባበቁ ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠሩት ነበር። በአዲሱ አሠራር ሥራው በሦስት ፈረቃ ተቆራረጠ። የአንዱን ፈረቃ ጉድለት ቀጣዩ ፈረቃ ይወርሳል፣ ግን አይገናኙም። ይህን እንዴት አዩት? ባምፎርዝ ራሱ የቀድሞ ከሰል ቆፋሪ ነበር።

የእናንተ ባምፎርዝ አንቺ ነሽ። የጥናት ቡድኑ ውስጥ ስምሽ ይግባ። ደግሞም ውጤቱ ለጆርናል ከመሄዱ በፊት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሠራተኛው ፊት ይነበብ። ይኼን አስጽፊ።

የለገሃሬ ልጅ

እኔ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ነው የጨረስኩት። ኢንተርንሺፕ የወጣሁበት ፋብሪካ የመጀመሪያውን ወር ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ነው የጨረስኩት። ከዚያ አንዷ ኦፕሬተር «አንተ ልጅ፣ ማታ ከእኛ ጋር ሰርቪስ ላይ ውጣና እይ» አለችኝ።

ወጣሁ። ማታ 4 ሰዓት ሰርቪሱ አስፋልት ዳር ያወርዳቸዋል። ከዚያ በጨለማ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጠው በእግር ነው። ሁለት ሁለት ሆነው፣ የስልካቸውን መብራት አብርተው። በማግስቱ ትልቅ ካርቶን ዘርግተን መንገዱን አብረን ሳልን። የት ውሻ እንዳለ፣ የት መብራት እንደጠፋ እነሱ ምልክት አደረጉ። ሰርቪሱ መዞሪያውን ሲቀይር የጨመረው 12 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሾፌሩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ እሺ አለ።

ተማሪ ከጠየቃችሁ የአንድ ቀን ጎብኚ ሳይሆን ሴሚስተሩን ሙሉ የሚቆይ ጠይቁ። ቢሮም አታስቀምጡት።

እናት ከመጋላ

እኔ ሌላ ቦታ ሠርቼ የለቀቅኩ ነኝ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጅ ያዝ ነበር። እኛ የግል ብንሆንም አለቆቻችን ይኼን ሰምተው ክፍል አሰናዱ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ማንንም ሳይጠይቁ ቦይለሩ አጠገብ አደረጉት። የድሬ ሙቀት ላይ የቦይለር ሙቀት! ልጄን አንድ ቀን አስገብቼ ገላዋ በሙሉ ሽፍ ብሎ አገኘኋት። በወሩ ክፍሉ የካርቶን ማስቀመጫ ሆነ። «ሠራን፣ እነሱ አልተጠቀሙም» ተባለ።

ሥራ አስኪያጅ የተቀመጠበት ስብሰባ ላይ እውነቱን የሚናገር የለም፣ እህቴ። ቡና አፍልታችሁ፣ እናንተ እናንተ ብቻ ሆናችሁ ጠይቂያቸው። ክፍሉን ያሉሽ እንደሆነ ቦታውንም እነሱ ያሳዩሽ።

የሳቢያኗ

እናት ከመጋላ፣ ያልሽውን አደረግኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቡና አፈላሁ፣ ዘጠኝ መጡ። እኔ ማቆያ ክፍል ይላሉ ብዬ ነበር። እነሱ መጀመሪያ ያነሱት ሰዓት ነው። «ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ ስጡን፣ ጡታችን ሲሞላ እጃችን ማሽኑ ላይ አይታዘዝም» አሉ። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቆሜ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ስፌቱ ለምን እንደሚበላሽ አልገባኝም ነበር። ለካ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው! ክፍሉን በሁለተኛ ደረጃ ነው ያነሱት። ቦታውንም መረጡ፣ የጨርቅ መጋዘኑ ጀርባ፣ ንፋስ የሚያገኘው።

ያቺ እናትም ነበረች። ጠየቅኳት። ልጅቷ የምትማረው የጠዋት ፈረቃ ነው። ሕፃኑን እስከዚያ የሚይዙት ጎረቤት አሮጊት ናቸው፣ እሳቸው እስከ በራችን መሄድ አይችሉም። ስለዚህ ልጅቷ የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ ትታ ትወጣለች። ሒሳብ ነው የሚያልፋት።

መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ከሠራተኞች ሁለት ሰው ቡድኑ ውስጥ ይግቡ፣ ለሚያጠፉት ሰዓት ይከፈላቸው ይላል። ቀጥሎ የጠዋቱ ሃያ ደቂቃ ለአንድ ወር በእኔ መስመር ይሞከር፣ ተማሪው የተበላሸውን ስፌት በፊትና በኋላ ይቁጠር ብያለሁ። ነገ ጠዋት ይዤው እገባለሁ። የከሰሉን ታሪክ በአማርኛ አንድ ገጽ አድርገው ቢልኩልኝ ለሥራ አስኪያጁ አያይዤ እሰጣቸዋለሁ።