የእርጥበት ሴንሰር ዋልካ መሬት ላይ ለምን ይዋሻል? (ኮምቦልቻ)

ቦርከና_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሳው ሩብ ሄክታር ቀይ ሽንኩርት ነው፤ አፈሩ ዋልካ፣ ውኃው ከእጅ ጉድጓድ በሶላር ፓምፕ፣ የሚጠጣው በቦይ። ውኃና ዩሪያ ለመቆጠብ ተብሎ ካፓሲቲቭ (አፈሩ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙን የሚለካ) የእርጥበት ሴንሰር 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ተቀብሯል፤ ንባቡ በስልክ ይመጣል። ስልኩ 12% እያለ አፈሩ ሲጨበጥ እጅ ላይ ይጣበቃል። ውኃ በተለቀቀ በ5 ደቂቃ ደግሞ 60% ይላል። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ወይስ አቀባበሩ ነው?

ጦሳ_ግርጌ፦
አብሽር፣ ሴንሰሩ ደህና ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በሴንሰሩ ጎን ካለፈ የምትለካው አየር ነው። 12% የመጣው ከዚያ ነው። ውኃ ሲለቀቅ ያው ስንጥቅ እንደ ቱቦ ቁልቁል ያወርደዋል፤ ሥሩ ያለበት አፈር ገና ሳይርስ ስልክህ ጠገበ ይልሃል።

ነቅለህ እንደገና ቅበረው። ከዚያው ጉድጓድ የወጣውን አፈር ጠጠሩን ለቅመህ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር አድርገህ በጥብጠው፣ ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሰውና ሴንሰሩን ጭቃው ውስጥ ስደደው። ይህን የምታደርገው ማሳው ከጠጣ ከ2 ቀን በኋላ እንጂ በደረቁ አይደለም። የሴንሰሩ ሰሌዳ ጠርዝ ውኃ ስለሚመጥ አስቀድመህ የጥፍር ቀለም ሁለቴ ቀባው።

ከሴንሰሩ ጋር የመጣውን ፐርሰንት እርሳው። 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ሁለቱንም አፉን ቆርጠህ፣ ከሴንሰሩ አጠገብ አፈሩን ሳታፈርስ አውጣና መዝን። በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቀህ መልሰህ መዝን። 140 ግራም ከቀነሰ የወጣው ውኃ 140 ሚሊ ሊትር ነው፤ እርጥበቱ 140 ለ400፣ ማለትም 35% ነው። በእርጥብ፣ በመካከለኛና በደረቅ ጊዜ ደጋግመህ ንባቡን አጠገቡ ጻፍ። ደግሞ ልብ በል፤ ከሴንሰሩ የሚወጣው ቮልቴጅ የሚወርደው አፈሩ ሲርስ ነው፣ ብዙ ሰው ስሌቱን ገልብጦ ያስገባዋል።

ቦይ_ቆጣሪ፦
ጦሳ ጨርሶታል፤ ግን ሴንሰር መቼ እንጂ ስንት እንደምታጠጣ አይነግርህም። ዋልካ በ1 ሜትር ጥልቀት ተክል የሚጠቀምበት 160 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ ይይዛል። ለሽንኩርት ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ብትይዝ 48 ነው፤ ከዚያ 30% ሲጎድል፣ 14 ሚሊ ሜትር ትመልሳለህ። በሩብ ሄክታር 35,000 ሊትር፤ በቦይ 40% ይባክናል ካልን 58,000 ገደማ። ፓምፑ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ10 ሰከንድ ከሞላ 8 ሰዓት ይፈልጋል፤ ያን ያህል ጠንካራ ፀሐይ በአንድ ቀን አታገኝም፣ ማሳውን ለሁለት ክፈለው። ጀሪካኑን ከጠዋቱ 3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት ለካ፤ ልዩነቱ ብዙ ነው።

ዩሪያውንም ከፋፍለህ ስጥ፣ ሰጥተህ ደግሞ ውኃ አታስተኛበት። ዋልካ ላይ ውኃ ሲተኛ አየር ያጣል፤ ከዩሪያው የሚመጣው ናይትሬት ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይበናል። ብሩም ጠፋ፣ ጋዙም በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። በ8028፣ በገበሬዎች የምክር ስልክ፣ ደውለህ ምክር ብትሰማም መስመሩ ያንተን ቦይ አያይም።

ቦርከና_ዳር፦
እናመሰግናለን። ጉድጓዱስ እንዳይደርቅ?

ጦሳ_ግርጌ፦
የሶላር አደጋው ነዳጅ አለመጠየቁ ነው፤ ፀሐይ እስካለች ማንም አያጠፋውም። ጠዋት ፓምፑ ሳይነሳ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አውርደህ ውኃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ያዝ። ካለፈው ሳምንት ዝቅ ብሎ ካደረ የፓምፑን ሰዓት ቀንስ። ውኃው ሲወርድ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ከሌለህ መጀመሪያ እሱን ግዛ፤ ፓምፕ ያለ ውኃ ሲዞር ይቃጠላል።