ፋይናል ተሰርዞ ወንድሜ ኤፍ ተሰጠው፤ የመውጫ ፈተና ስም ዝርዝር ዓርብ ይላካል፣ እርዱኝ

ወለተ_መንዝ
ሰላም ለሁላችሁ፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ወንድሜ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ይማራል፣ ተመራቂ ነው። የአንድ ኮርስ ፋይናል ተፈትነው ከወጡ በኋላ «ፈተናው ቀድሞ ወጥቷል» ተብሎ ለሁሉም ተሰረዘ። ትናንት ውጤት ሲለጠፍ ኤፍ ይላል። 34 ነበረው እኮ! ሬጅስትራር ስንጠይቅ «ተወስኗል» ብቻ ነው መልሱ። የመውጫ ፈተና የሚወስዱት ስም ዓርብ ይላካል፣ ኤፍ ያለበት አይካተትም ተባለ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። መክሰስ እንችላለን? የት? ጠበቃስ ስንት ያስከፍላል?

ባለ_ጋቢው
34 ከስንት? ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ እሱ ሸዋ ሮቢት ነው።

አንኮበር_77
አካዳሚክ ኮሚሽን (የኮሌጁን የትምህርት ጉዳይ የሚወስነው ጉባኤ) አመልክቱ። መጀመሪያ ዲፓርትመንት፣ ከዚያ አካዳሚክ ኮሚሽን።

ጋሼ_ሸዋ
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፈተና ሲሰረዝ ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ ወይ ሁሉም እንደገና ይፈተናል፣ ወይ በእጅ ባለው ውጤት ይሰላል። የመጀመሪያውን በ2008 ዓ.ም. አይተነዋል። ግንቦት 22 ሊጀመር የነበረው የ12ኛ ክፍል ፈተና የእንግሊዝኛው ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተለቀቀ ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ፣ ከወር ገደማ በኋላ በአዲስ ጥያቄ ተሰጠ። ሁለተኛውን እንግሊዞች በኮሮና ጊዜ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2020 ፈተናው ቀርቶ መምህራን ግምት ሰጡ፤ ኦፍኳል የሚባለው ተቆጣጣሪያቸው ደግሞ ያንን ግምት ትምህርት ቤቱ ባለፉት ዓመታት ባመጣው ውጤት በሚመራ ቀመር አስተካከለው። ኦገስት 13 ሲለጠፍ ከአሥሩ አራት ያህሉ ውጤት መምህሩ ከገመተው ወርዶ ተገኘ። ተማሪው ሰልፍ ወጣ፣ ጠበቆች የክስ ማስጠንቀቂያ ጻፉ፣ ኦገስት 17 ቀመሩ ተነሥቶ የመምህራኑ ግምት ጸደቀ። ልብ በዪ፤ ጠበቆቹ «ፈተናው ለምን ቀረ» ብለው አልሞገቱም። የሞገቱት በምትኩ የመጣውን አሠራር ነው።

ባለ_ጋቢው
ጋሼ፣ እርስዎ ለንደን ደርሰው እስኪመለሱ ዓርብ ያልፋል 😄

ሞላሌ_ማዶ
እኔ እንኳ የጥያቄው መነሻ አልተዋጠልኝም። ፈተና ከወጣ መሰረዝ አለበት፣ ሌላ ምን ይደረግ? በተሰረዘ ፈተና ላይ «34 ነበረኝ» ማለት አይቻልም። ደግሞስ እንደገና አልተፈተኑም? ሰርዞ ዝም ያለ ኮሌጅ ሰምቼ አላውቅም። የደበቅሽው ነገር ያለ ይመስለኛል።

ወለተ_መንዝ
አልደበቅሁም፣ ስለቸኮልኩ ነው። 34ቱ ከ50 ነው፤ ሚድ፣ አሳይመንትና ኩዊዝ ተደምሮ። አዎ እንደገና ተፈትነዋል። ማስታወቂያው ማክሰኞ ማታ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ተለጥፎ ፈተናው ሐሙስ ጠዋት ተሰጠ። ወንድሜ ደግሞ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ መሀል ሜዳ ቤተሰብ ጋ ሄዶ ነበር። ኔትወርክ አልነበረም፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ዓርብ ነው የሰማው። ፋይናሉን ዜሮ አድርገው ደመሩለት። አሁን መንገዱ ተከፍቷል፣ ነገ ይገባል።

ጠበቃ_ዘጠባሴ
ይሄ ነበር መጀመሪያ መጻፍ የነበረበት፤ ጉዳዩን ከሥሩ ይቀይረዋል። የናንተ ክርክር ስለተሰረዘው ፈተና አይደለም። በመሰረዙ ላይ አንድ መስመር እንኳ አትጻፉ። ክርክሩ «በቂ ማስታወቂያ ሳይሰጥ የተደረገ ፈተና ላይ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የቀረ ተማሪ ዜሮ ይሰጠዋል ወይስ ማሟያ ፈተና?» የሚለው ነው። አብዛኞቹ ተቋማት በሴኔት ሕጋቸው፣ ማለትም በውስጥ የትምህርት ደንባቸው፣ በበቂ ምክንያት ለቀረ ተማሪ ኤፍ ሳይሆን «ያልተሟላ» ወይም «ውጤት አልተሰጠም» የሚል ምልክት ያስገቡና ማሟያ ይፈትናሉ። የኮሌጁን ሴኔት ሕግና የተማሪ መመሪያ ዛሬውኑ ፈልጊ፤ አንቀጹን ጠቅሶ የተጻፈ ማመልከቻ ካልጠቀሰው ጋር አንድ አይደለም።

አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ዲግሪ ነው ወይስ ሌቭል (ቴክኒክና ሙያ)?

ወለተ_መንዝ
ዲግሪ።

ባለ_ጋቢው
ሴኔት ሕግ የሚባለውን ያየ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። ዲኑ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከቡና ረከቦቱ በላይ ነው የሚቀመጠው።

ሞላሌ_ማዶ
ምን ማሟያ ያስፈልጋል? 34 ከ50 ማለት ከመቶ 68 ነው። እሱን ወደ መቶ ቀይረው ይስጡት፣ አለቀ።

ጠበቃ_ዘጠባሴ
አይሆንም። ሌሎቹ ፋይናል ተፈትነው እሱ ብቻ በግማሽ ምዘና ከተሰላለት ኮሌጁ «ለአንድ ተማሪ የተለየ መስፈርት አላወጣም» ይላል፣ እውነቱን ነው። ማባዛት የሚያስኬደው ፋይናሉ ለሁሉም ቀርቶ ቢሆን ነበር። 34ን የምትጠቀሙበት ለሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ከፈተና የሚሸሽበት ምክንያት እንደሌለው ያሳያል። ኮርስ አውትላይኑ ላይ ፋይናል ከ50 መሆኑ የተጻፈበትን ገጽ አያይዙ።

ማህተምና_ቲተር
ከቢሮ አሠራር አንጻር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በሕጉ ሳይሆን በወረቀቱ ነው።

ማመልከቻው በወንድምሽ ስም ይሁን፣ እሱ ይፈርም። አንቺ ብትፈርሚ «ተማሪያችን አይደለሽም» ብለው ይመልሱሻል። ነገ ካልደረሰ ከመሀል ሜዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ውክልና ያስፈልግሻል፤ ስለዚህ ቢመጣ ይሻላል። ሲመጣ ግን ባዶ እጁን አይምጣ። ከወረዳው አስተዳደር ወይም ከቀበሌው መንገድ የተዘጋበትንና ኔትወርክ የጠፋበትን ቀን በቁጥር የጠቀሰ ደብዳቤ ይያዝ። «በአካባቢው ችግር ስለነበረ» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ማለት አለበት፣ ሐሙስም በመሀሉ መግባት አለበት። ከመናኸሪያውም ወደ ደብረ ብርሃን ስምሪት እንዳልነበረ ማስረጃ ካገኘ በጣም ጥሩ። ወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ክብ ማህተምና ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ማህተም) ይኑረው። ቲተር የሌለው ፊርማ የማን እንደሆነ አይታወቅም ተብሎ ይጣላል።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጂ። አንዱን መዝገብ ቤት ታስገቢያለሽ፣ በሌላው ላይ «ገቢ ሆኗል» ተብሎ ቁጥርና ቀን ይጻፍልሽ። ለዲን፣ ግልባጭ ለአካዳሚክ ኮሚሽንና ለሬጅስትራር። ይዘቱ አንድ ገጽ፣ ጥያቄው ሁለት ብቻ፦ አንደኛ ማሟያ ፈተና በዚህ ሳምንት ይሰጠው፤ ሁለተኛ እስኪወሰን ኤፉ ታግዶ ስሙ በመውጫ ፈተናው ዝርዝር ይግባ። መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጥ የሚል መስመር ጨምሪ። መምህሩን አትስደቢ፤ ኮሚሽኑ ላይ እሱም ሊቀመጥ ይችላል።

ወለተ_መንዝ
እግዜር ይስጥልኝ። ቴሌግራሙስ ማስረጃ ይሆናል?

ማህተምና_ቲተር
ይሆናል፣ ግን ዛሬ ማታውኑ ያዥው። ማስታወቂያው፣ የለጠፈው ሰው ስምና ሰዓቱ በአንድ ስክሪን ላይ አብረው እንዲታዩ አድርገሽ አንሺ። ሰዓቱ አጠገብ የታረመ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ካለ እሱም ይታይ፤ ቀኑ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የግሩፑን ታሪክም በኮምፒውተር አውርጂው፣ አድሚኑ ካጠፋው በኋላ ማልቀስ አይረባም። ያነበቡ ሁለት ተማሪዎች ለምስክርነት ስማቸውን ቢሰጡሽ ጥሩ። ሌላም ጠይቂ፤ በኮሌጁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር ወይ? በቴሌግራም ብቻ ከሆነ ክርክራችሁ ይጠነክራል።

አንኮበር_77
አካዳሚክ ኮሚሽን ነው መፍትሔው።

ባለ_ጋቢው
ሰማን።

የጫጫው
ይሄ ሁሉ ልመና ለምን? የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 አለ። ያለ በቂ ምክንያት የተሰጠን ውሳኔ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሽረዋል። ቀጥታ ልደታ ችሎት!

ጠበቃ_ዘጠባሴ
ወንድሜ፣ አዋጁ የሚገዛው የፌዴራል መንግሥት ተቋማትን ነው። የግል ኮሌጅ ላይ በእሱ ብትሄድ መዝገቡ በመጀመሪያ ቀጠሮ ይዘጋል። ለእነዚህ የሚጠቅመው በሌላ በር ነው። የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፣ አዲስ አበባ፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። እሱ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ አዋጁ ይይዘዋል፤ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ መስጠት አለበት፣ የራሱን የቅሬታ ደረጃ ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይከለስላችኋል። ግን ባለሥልጣኑ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ኮሌጁ ምን መለሰ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ነገ ለኮሌጁ፣ ኮሌጁ ሐሙስ እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ ሐሙሱን ገቢ የተደረገበትን ኮፒ ይዛችሁ አዲስ አበባ።

ክሱ ከመጣ ደግሞ መሠረቱ ውል ነው። ተማሪው ከፍሎ ተመዝግቧል፣ የተማሪ መመሪያው የውሉ አካል ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። ከክሱ በፊት ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ 1772። አቤቱታው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ 222፣ የማስረጃ ዝርዝር በ223፤ የእግድ ማመልከቻው በቃለ መሐላ ተደግፎ በ154 እና 155። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ የሚወስነው ኮሌጁ የተመዘገበበት ቦታና የክሱ ዓይነት ነው፤ የንግድ ምዝገባውን አይታችሁ የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቁ፣ በተሳሳተ ችሎት የሚባክነው ጊዜ ነው ልጁን የሚጎዳው።

ከፍርድ ቤቱ የምትጠይቁትን ዳኝነት ስትጽፉ «ሲ ይሰጠው» እንዳትሉ። ፍርድ ቤት ወረቀት አያርምም፣ «ውጤት መስጠት የተቋሙ ሥራ ነው» የሚለው መቃወሚያ በ244 ይመጣባችኋል። የሚጠየቀው «ዜሮ የተሰጠበት ውሳኔ ቀሪ ሆኖ ማሟያ ፈተና እንዲሰጠው» ነው። ይህን ማስፈጸም ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ 1776 ያስኬዳል፤ ለልጁ የተለየ ጥቅም አለው፣ የማንንም የግል ነጻነት አይነካም። እግዱም ላይ ልክ እወቁ፤ የሚታገደው ስሙን ከዝርዝር ማውጣት ነው እንጂ ዲግሪው ይሰጠው የሚባል እግድ የለም።

እና ክሱን ነሐሴ ሳይገባ አቅርቡ። ነሐሴና መስከረም ፍርድ ቤት እረፍት ነው፣ ተረኛ ችሎት ብቻ ነው የሚሠራው።

ሞላሌ_ማዶ
ብቻውን ከሚከስ በዚያ ቀን የቀሩት ሁሉ አብረው ይክሰሱ። መንዝ ያሉት፣ ዓለም ከተማ ያሉት።

ጠበቃ_ዘጠባሴ
ይቻላል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ 35 አንድ ላይ መክሰስ፣ ወይም በ38 አንዱ ለሌሎቹ ሆኖ። ግን የተለያየ ምክንያት ያለውን ሰው አትቀላቅሉ። መንገድ የተዘጋበትና ተኝቶ የቀረው በአንድ ክስ ከገቡ የኮሌጁ ጠበቃ የሚጀምረው ከተኛው ነው። ስለ ጠበቃ ክፍያ ለጠየቅሽው፣ በስምምነት ነው፣ የተቆረጠ ዋጋ የለውም። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻለ በዚያው ሕግ 467 በደሃ ደንብ መክሰስ አለ፤ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ያስፈልጋል።

ወለተ_መንዝ
ረቡዕ ነው። ወንድሜ ደርሷል፣ የወረዳውን ደብዳቤ ይዟል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን «ዲኑ ሳያዩት ገቢ አላደርግም» አለች። ዲኑ የሉም።

ማህተምና_ቲተር
አትጨቃጨቁ፣ ሰዓት ነው የሚባክነው። ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ፖስታ) ላኩት፣ ደረሰኙን ያዙ፤ በደረሰኙ ላይ የተቀባዩ ስም በትክክል ይጻፍ። ያንኑ ማመልከቻ በኮሌጁ ኢሜይልና በዲኑ ቴሌግራም ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። ከዚያ ተመልሳችሁ ምክትል ዲኑን ጠይቁ፤ ዲን ሲወጣ የሚወክለው ሰው አለ፣ የውክልና ደብዳቤው መዝገብ ቤት ነው ያለው። አንድ ምስክር ይዛችሁ ግቡ።

አንኮበር_77
ለአካዳሚክ ኮሚሽን ሰብሳቢም በእጅ ስጡት።

ባለ_ጋቢው
አንኮበር በመጨረሻ አዲስ ነገር ተናገረ፣ «በእጅ» የምትለዋ።

ጋሼ_ሸዋ
ልጄ ምን ደረሳችሁ? ቅዳሜ ነው።

ጣርማበር_ላይ
እኔም ተመሳሳይ ጉዳይ አለኝ፣ ግን ሌቭል 4 ነው። ወደ ባለሥልጣኑ ልሂድ?

ጠበቃ_ዘጠባሴ
አይ፣ አትልፋ። ሌቭል ከሆነ ጉዳይህ ወደ ክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ነው፤ ከደብረ ብርሃን የዞኑ መምሪያ ጀምር። ኮሌጁ የሰጠህ የጽሑፍ መልስ አለ?