የፈረሰውን የአያቴን ቤት በኮምፒውተር መልሼ ላቆም ነው፣ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጅማ ነኝ። ሂርማታ ሰፈር የነበረው የአያቴ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ከፈረሰ ቆይቷል። አሁን ብሌንደር (Blender) በሚባለው የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም መልሼ ላቆመው እየሞከርኩ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ያለኝ 6 አሮጌ ፎቶ ብቻ ነው። ከፎቶ ቅርጽ የሚያወጣው ፕሮግራም በደንብ የሚደራረቡ ብዙ ፎቶዎች ይፈልጋል። የእኔዎቹ በተለያየ ዘመን የተነሱ ስለሆኑ ሁለቱን እንኳን አላገናኘልኝም። ስለዚህ ከአንዱ ፎቶ ተነስቼ በእጅ መሥራት ጀመርኩ። በረንዳው ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ይንጋደድብኛል። ፎቶው ፍሬም እንዲገባ ዳሩ በመቀስ ተቆርጧል፤ ሌንሱ ያነጣጠረበት መሃል አሁን ካለው ፎቶ መሃል ጋር አይገጥምም ማለት ነው። ፎቶው ላይ በሦስቱም የቤቱ አቅጣጫ (ወርድ፣ ጥልቀት፣ ቁመት) የሚሄዱ መስመሮች ሲረዝሙ የሚገናኙ ከሆነ፣ ከመገናኛ ነጥቦቹ መሃሉ ይገኛል፤ የእኔ ምሰሶዎች ግን ፎቶው ላይ ቀጥ ብለው ስለቆሙ የትም አይገናኙም።

የበሩ አንዱ መዝጊያ አጎቴ ጓሮ ተገኝቷል። ስፋቱ 62 ሳንቲ ሜትር ነው። የእናቴ የልጅነት ቁመት በሚስማር የተጫረበት ምልክት ዛሬም አለበት። የቤቱን ልክ ከመዝጊያው ስፋት ወስጃለሁ። የእንጨት አገጣጠሙን ደግሞ ጅሬን ወጥቼ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ አያለሁ።

በተቆረጠ ፎቶ ላይ የሌንሱን መሃል እንዴት ነው የምታገኙት? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እናቴ ያንን በረንዳ ደግማ እንድታየው በጣም እፈልጋለሁ።