ጥቆማ፦ ለጾም ሽሮ፣ እንጀራና ተልባ፤ የታሸገ፣ ባልትና ቤት ወይስ ራስ ማስፈጨት?

ጠያቂ
ጾሙ ሊገባ ነው። አዲስ አበባ ላይ የታሸገ ሽሮ ከሱፐርማርኬት መግዛት ይሻላል፣ ከሰፈር ባልትና ቤት መውሰድ፣ ወይስ እህሉን ገዝቶ ማስፈጨት? የምፈልገው ጣዕም ብቻ አይደለም። ብረቱና ዚንኩ ለሰውነት የሚውል፣ አንቲኦክሲዳንቱም (ሴልን ከጉዳት የሚጠብቀው) ያልጠፋ ምግብ ነው።

የጓዳ ሰው
አስፈጪ። ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረትና ዚንክን ጠፍሮ ይይዛል፤ አንጀት ሳይወስዳቸው ያልፋሉ። ይህን የሚፈታው ኢንዛይም በደንብ የሚሠራው እህሉ ሲበቅል ነው። ያን ጊዜ በደረቁ እህል የሌለ ያህል የነበረው ቫይታሚን ሲም ይጨምራል። ተቆልቶ ለተፈጨ ሽሮ ይህ ዕድል አልፎታል።

2 ኪሎ ሙሉ አተር ወይም ሽምብራ ልቀሚ። ክክ አይሆንም፤ ሲከካ ቡቃያው ይሰበራል። አጥበሽ በ6 ሊትር ውኃ ከማታ እስከ ጠዋት ዘፍዝፊና ውኃውን ድፊው። አጥልለሽ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚ፤ ጠዋትና ማታ አለቅልቂው። ጅራቱ ግማሽ ሳንቲም ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ በ2 ቀን፣ ይበቃል። ማለቅለቁ ከተዘነጋ ያሟልጫልና ይሸታል፤ ያኔ መድኃኒት የለውም፣ ይደፋል። ሰሌን ላይ ስስ አድርገሽ አስጪው። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም፤ እንዲህ ያለው ወፍጮ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፣ ዕቃ ውስጥም ይሻግታል። ከዚያ በለስላሳ እሳት አምሰሽ አስፈጪ። ለበቆልት ከሆነ ደግሞ ባቄላው እንደበቀለ ይቀቀላል እንጂ በጥሬው አይበላም።

ሰርገኛ
ለእህሉ መርካቶ እህል በረንዳ ምርጫው ይሰፋል፣ ሾላ ለትንሽ መጠን ይመቻል። ብዙ ከመግዛት በፊት 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መሞከር ነው፤ በ2 ቀን ከ16 በታች ከበቀለ እህሉ ከርሟል፣ ሻጭ ቀይሩ። ቀለም የተቀባ የዘር እህል በነፃ ቢሰጥም አይነካም፤ ቀለሙ የተባይ መድኃኒት ነው። ጓያም ተለይቶ ይውጣ፤ ፍሬው እንደ መጥረቢያ ጠርዝ ጠርዝ አለው። ማብቀል መርዙን አያጠፋውም። በዱቄት ሽሮ ውስጥ ጓያ ተቀላቅሎ ቢሆን በዓይን አይለይም፤ እኔን ከታሸገው የሚያሸሸኝ በዋናነት ይሄ ነው።

ምጣድ
ወፍጮ ቤት ስትመርጡ ከበርበሬ በኋላ እንዳይፈጭላችሁ ተራውን ጠይቁ። ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ነው የሚወጣው። እጅ ሲያስገቡበት ሙቀቱ እስኪጠፋ ሰፌድ ላይ ካልተናፈሰና እንደሞቀ ከተከደነ፣ ላቡ ተመልሶ ያጓጉለዋል።

የተጋገረ እንጀራ የምትገዙ ደግሞ በዓይኑ አትታለሉ። በደረቅ እርሾ በአንድ ቀን የተነሣም ዓይን ያወጣል፤ ግን አይኮመጥጥም፣ ፋይቴቱም ብዙው እዚያው ነው። በእርሾ 3 ቀን የቦካውን የሚሸጥ ጋጋሪ ፈልጉ። ለሆድ ከሆነ ከማኛ ይልቅ ቀይ ወይም ሰርገኛ ይሁን።

ጠያቂ
ቀይ ጤፍ ብረቱ በጣም ይበልጣል የሚባለውስ?

ሰርገኛ
ከነጩ ይበልጣል፤ ግን በየሠንጠረዡ የሚታየው ትልቅ ቁጥር ከፊሉ ከአውድማ አፈር የገባ ነው፣ ሰውነት እምብዛም አይወስደውም። ቀይ የሚያደርገው ፖሊፌኖል አንቲኦክሲዳንት ነው፤ ያው ራሱ ብረት ይይዛል። ማስታረቂያው እዚያው ገበታ ላይ ቫይታሚን ሲ መጨመር ነው። ስንግ ቃሪያ ለጌጥ አይደለም! ሁለት ጥሬ ቃሪያ ወይም ሽሮው ከወረደ በኋላ የሚጨመቅበት ግማሽ ሎሚ ይበቃል። ቡናና ሻይ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይዘግዩ።

የጓዳ ሰው
ተልባ በፍሬው ግዙ። ሽታው እስኪወጣ ብቻ ታምሶ የሳምንት የሳምንቱ ይፈጭ፤ ፍሪጅ ውስጥ በተከደነ ጠርሙስ ይቀመጥ። ተፈጭቶ በላስቲክ የሚሸጠው ኦሜጋ 3ቱ (ጠቃሚው ዘይቱ) በአየር ይበላሻል፤ የቆየ ዘይት ከሸተተ አይጠጣም። እርድም ያልተፈጨ ሥሩ ይሻላል። በባንግላዲሽ ቢጫውን ለማድመቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ሲጨመርበት ተገኝቷልና በጣም የደመቀ ዱቄት ያጠራጥራል። ወጥ ውስጥ ከዘይትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲገባ ሰውነት የተሻለ ይወስደዋል።

ጎመን ከመከተፉ በፊት ይታጠብ፤ የተቀቀለበትን ውኃ መድፋት ቫይታሚኑን መድፋት ነው። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ድስት ይግባ።

ጠያቂ
የሞሪንጋ ዱቄቱንስ ልተወው?

ምጣድ
ካልተወደደ ግዢው፤ ግን ጥላ ውስጥ የደረቀ ቅጠል አረንጓዴነቱን ይይዛል፣ ፀሐይ የመታው ይቦዝዛል። ቀለሙ የማይታይበት እሽግ ይቅር። ኮንሶና አርባ ምንጭ ሽፈራው (ሞሪንጋው) እንደ ጎመን በእርጥቡ ነው የሚበላው፤ እርጥቡን የሚያመጣ ሻጭ ካገኘሽ ዱቄቱ አያስፈልግሽም። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከሽፈራውም ከሽሮውም አይገኝም፤ ከጾም ውጭም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይበላ ሰው ፋርማሲ ይጠይቅ።